በማሳዬ ላይ ምሰሶ ሊተከል ነው

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለው ማሳዬ ላይ የመብራት ምሰሶ ሊተከል ነው፤ ሽቦውም በባሕር ዛፌ ላይ ያልፋል። ካሣ ይገባኛል? ለምጣድስ ምን ዓይነት ሽቦ ላስገባ?

መልስ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና የመሬት ዋጋ አይጠይቁም። ለዛፉና ለሰብሉ ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ይጠይቁ። ከመቆረጡ በፊት ዛፉን ከነውፍረቱ ያስቆጥሩ፤ የቆጠራውን ቅጽ ቅጂ ከይዞታ ደብተርዎ ጋር ያስቀምጡ። ከተቆረጠ በኋላ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ግን ራስዎ አይቁረጡ፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ፣ 3,500 ዋት የሚወስድ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ሳያቋርጥ። ስለዚህ ከማከፋፈያው ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የመሬት ሽቦ ይዘርጉለት። በተራ ሶኬት ከሰኩት መጀመሪያ የሚላላው መገናኛው ነው፤ የላላ መገናኛ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ በትልቅ መቀየር የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ቀጭኑን ሽቦ ትተው ብሬከሩን ብቻ ካሳደጉ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይነዳል።