ለልጆች ፊት የሚቀባ ቀለም በቤት ስለማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለልጄ ልደት የሚሆን የፊት ቀለም ከምን ከምን ላዘጋጅ? መጠኑንም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽቶ የሌለው የልጆች ክሬም እና አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ለጥቂት ልጆች ይበቃል። ስታርቹ እንዳይጓጉል መጀመሪያ ከክሬሙ ጋር በደንብ አሽተው፣ ከዚያ ውኃውን ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ፤ ከማንኪያው ላይ ሳብ እያለ በዝግታ ሲወርድ ደርሷል። በትናንሽ ሲኒዎች ከፋፍለው በእያንዳንዱ ሲኒ ከአንድ እስከ ሦስት ጠብታ የምግብ ቀለም ያድርጉ። የምግብ ቀለም በበዛ ቁጥር ጉንጭ ላይ የሚቀረው እድፍም ስለሚበዛ፣ እኔ ፈዘዝ ያለውን እመርጣለሁ፤ ልጆቹ እንደሆኑ የድመት ጺም እስከተሣለላቸው ድረስ ስለ ድምቀቱ አይከራከሩም።

ጥያቄ፦ የምግብ ቀለም ካላገኘሁ በእርድና በቀይ ሥር ልተካው እችላለሁ? ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ጉዳት የለውም ይባላል።

መልስ፦ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እርድ ደማቅ ቢጫ ቢሰጥም ቆዳንም ልብስንም አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በቢላ ጫፍ ቆንጠር አድርገው ብቻ ይጨምሩ። የቀይ ሥር ጭማቂ ሮዝ እንጂ ቀይ አይወጣውም፤ ካካዎ ደግሞ መልካም ቡናማ ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ ግን ፈጽሞ አይግባበት፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጠቁሮ ሊሰነብት ይችላል።

ጥያቄ፦ ለጥቁሩስ ኩል ብጠቀም? እናቶቻችን ሲኳሉት የኖሩት ነው።

መልስ፦ ለልጅ አልመክርም። በልዩ ልዩ አገሮች የሚሸጠው ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል፤ ይህ ብረት የልጅን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ልጆች ደግሞ ፊታቸውን የነካውን እጅ ወዲያው ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ አደጋው በእነርሱ ይብሳል። የጸጉር ቀለም የተጨመረበት «ጥቁር ሂና»ም ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊተው ስለሚችል ይቅር። በካካዎው ላይ ሰማያዊ የምግብ ቀለም ጠብ ቢያደርጉበት ለጥቁር የቀረበ ቀለም ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ በቤት ያለው የሥዕል ቀለም «መርዝ የለውም» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ እርሱስ?

መልስ፦ ጽሑፉ የተጻፈው ለወረቀት ሥራ ታስቦ ነው፤ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ለመቆየት አይደለም። አክሪሊክ የሚባለው የሥዕል ቀለምማ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ስለሚጣበቅ ሲላጥ ያማል። ማርከርም አይሆንም።

ጥያቄ፦ የልጄ ቆዳ ቶሎ ይቆጣል።

መልስ፦ ከበዓሉ አስቀድመው ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ከቀላ ወይም ካሳከከው ያንን ቀለም ይተዉት። ቁስል ወይም ሽፍታ ባለበት ቦታ፣ እንዲሁም በዓይን ዙሪያ፣ ለማንም ልጅ አይቀባ።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ፣ በአንድ ብሩሽስ ሁሉንም ልጆች መቀባት ይቻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይመከርም። ድብልቁ ከመበላሸት የሚጠብቀው ነገር ስለሌለው በዕለቱ ይደፋ፤ የዓይን ሕመምና የቆዳ ቁስል በጋራ ብሩሽ ስለሚተላለፍ ለየልጁ የራሱን የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ በምን ይለቃል?

መልስ፦ በመጀመሪያ በሳሙና አይሹት። ክሬም ያለበት ቀለም በቅባት ስለሚላቀቅ፣ በጥጥ ትንሽ የምግብ ዘይት ነክረው ሳይጫኑ ያብሱት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በልጆች ሳሙና ያጥቡት። የሚቀር ቢጫ ካለ በሚቀጥሉት ቀናት ሲታጠብ እየደበዘዘ ይጠፋል።