አፍንጫ ይሮጣል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ «ረን» (run) ማለት ሮጠ ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። በቀደም ክፍል ውስጥ «ማይ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ» የሚለውን «አፍንጫዬ እየሮጠ ነው» ብዬ ስተረጉም ሁሉም ሳቀብኝ። ውሃም ሞተርም ሱቅም ከ«ረን» ጋር ይነገራል አሉኝ። ይህን ሁሉ በምን ልያዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊስቁብሽ አይገባም ነበር። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህ ቃል በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ እንዳለው ቆጥረዋል። ያን ሁሉ ሸምድጄ እጨርሳለሁ እንዳትዪ፣ እንግሊዞቹም አልሸመደዱትም።

የራሳችንን «ያዘ» እዪው እስቲ። ጉንፋን ይይዝሻል፣ አንቺ ደግሞ አውቶቡስ ትይዣለሽ። ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል፣ ከደብረ ማርቆስ ስትመለሺ መንገድ ላይ ዝናብ ይይዝሻል፣ ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል፣ የተተከለው ችግኝ ደግሞ ሲጸድቅ «ያዘ» እንላለን። አንቺም «በምን ልያዘው» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እጅሽ ግን ምንም አልጨበጠም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረሽም። ከጎኑ ካለው ቃል ጋር እየሰማሽ ነው ያደግሽው።

«ረን»ም እንደዚያው ነው፣ ጎረቤቱን እያየሽ ፍችው። ወንዝና አፍንጫ ሲሆን ይፈሳል። ሞተር ሲሆን ይሠራል። ሱቅ ከሆነ ታስተዳድሪዋለሽ፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ለምርጫ የቆመ ሰው ይወዳደራል፣ ሲታጠብ ልብስ ቀለሙን ይለቃል። «ረን አውት» ካለሽ ደግሞ አለቀ ማለት ነው፤ ስኳር አለቀብን እንደምንለው። ብዙዎቹ ውስጥ ሳይቆም የሚሄድ ነገር አለ፣ እሱን ፈልጊው።

ደግሞ እኮ የጎጃም ልጅ ነሽ! ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ተማሪው አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝለት ኅብር አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ ግን ያው ነገር ያስደነግጠናል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ደብተርሽ ላይ «ረን፣ ሮጠ» ብለሽ የጻፍሽውን ሰርዢውና በቦታው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ዓባይ ከሰከላ ተነስቶ ወደ ጣና ይፈሳል የሚለውን በእንግሊዝኛ ሞክሪው፣ «ረን» እዚያ ላይ ልክ ይገባልሻል። ከዚያ የሱቁን፣ ከዚያ የአውቶቡሱን። በሳምንት ሦስት ከያዝሽ ይበቃል።