ታይፎይዱ ከደሜ አልወጣ አለ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ደሜ ታይቶ ታይፎይድ ተብያለሁ። ከሚሴ ሠርግ ሰንብቼ በተመለስኩ በሁለት ሳምንቴ እንደገና አተኮሰኝ፤ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ገዝቼ አራት ቀን ወሰድኩ፤ ለውጥ የለም። በሽታው ደሜ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? የማጠባት ልጅ አለችኝ። መርፌ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያስጨነቀችዎት ልጅዎ መሰለችኝ። ማጥባትዎን አያቁሙ። ታይፎይድ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና ልጅዎን ጡት ያጥቡ።

«ደሜ ውስጥ ቀርቷል» የሚለውን ግን ከልብዎ ያውጡት። ይህ አባባል ስንቱን ሰው በከንቱ መድኃኒት አስውጧል! ዊዳል የሚባለው የተለመደው ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። ሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ ይዞዎት ቢያውቅም ሊታይ ይችላል። ምንም ያላመመው ጎረቤትዎ ቢመረመር እሱም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ወረቀቱ ላይ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን የሚናገረውን 1፡80 ወይም 1፡160 ስላዩ አይደንግጡ፤ ቁጥሩ ብቻውን ዛሬ ታይፎይድ ይዞዎታል አያሰኝም። ከዊዳል ይልቅ የሚታመነው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። እሱም መድኃኒት ሳይጀመር ቢወሰድ ነው የሚሻለው፤ እርስዎ ግን ሲፕሮውን አስቀደሙ።

እኔን ያስፈራኝ ከሚሴ ነው። ከሚሴ ቆላ ነው፤ ወባ አለ። ደሴ ደጋ ስለሆነች ብዙ ሰው ወባን አያስብም። ወባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚነሳው። የእርስዎም ቀን ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ሲፕሮ ወባን አያድንም። አራት ቀን እያተኮሰዎት ቤት ምን ይጠብቃሉ?

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከሚሴ ማደርዎንና ሲፕሮ መውሰድዎን ይናገሩ። ከጣትዎ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወባ ከተገኘ ቁጥሩ በሳምንታዊው ሪፖርት ወደ ወረዳ ያልፋል፤ ወረርሽኝ በጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቤት ተኝቶ ክኒን የሚውጥን ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት በማግሥቱ ያስደግሙት። መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ ይወስናል።

ካቃዠዎት፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ መቆም ካቃተዎት ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ። ልጅቷም ሠርጉ ላይ አብራዎት ከነበረችና ካተኮሳት በዚያው ቀን ያስመርምሯት።