ስለ ሮለር ሆኪ ጫማና ዕቃ ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ጀመዓው፣ እንዴት ናችሁ? ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ሮለር ሆኪ (ባለ ጎማ ጫማ ለብሰው በዱላ የሚጫወቱት) ዕቃ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ለማያውቀኝ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ሮለር ላይ ከወጣሁ 11 ዓመት አልፎኛል። የደሴና የኮምቦልቻን ልጆች ሮለር እኔ ነኝ የምጠግነው።

ከመጠየቃችሁ በፊት አራት ነገር ጻፉልኝ። የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ክብደታችሁን፣ የምትጫወቱበትን ወለል፣ ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ እንደሆናችሁ። እነዚህ ከሌሉ መልሴ ግምት ነው የሚሆነው።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)፦ ጋሼ፣ እግሬ 26 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቴ 68 ኪሎ። ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። የሆኪ ሮለር ልግዛ ወይስ በተራው ልቆይ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። በተራው ቆይ። ተራው ሮለር ተረከዙ ላይ ፍሬን አለው፣ ቁርጭምጭሚትህንም ከፍ ብሎ ይይዝልሃል። የሆኪው ፍሬን የለውም። በማሰሪያ ነው የሚታሰረው፣ ጫማውም ለፈጣን መታጠፍ የተሠራ ነው። በእግርህ ብቻ ማቆም ካልለመድህ እሱ ላይ መውጣት የለብህም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጥፈህ፣ ወደ ኋላም ሄደህ፣ ያለ ተረከዝ ፍሬን ስትቆም ያኔ ግዛ።

ስትገዛ ደግሞ የጫማ ቁጥርህን እርሳው። የሆኪ ሮለር በአሜሪካ ቁጥር ከመንገድ ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያንሳል። 42 አደርጋለሁ ብለህ 42 ብታዝ እግርህ ውስጡ ይዋኛል። ማታ ላይ፣ እግርህ ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቁምና ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለካ። ጫማው ላይ የተጻፈውን ሴንቲ ሜትር ከዚያ ጋር አስተያይ። ለብሰህ ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ነካ ማድረግ አለበት። ጉልበትህን ስታጥፍ ደግሞ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ተረከዝህ ከተነሳ ግን ተወው፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምርህ።

ጥያቄ፦ የትኛው ሮለር ነው የሚሻለው?

መልስ፦ ለማን? የት? ከላይ ያሉትን አራት ነገሮች ጻፍልኝ።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ሮቢት)፦ ወንድሜ፣ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። እግሩ በየጊዜው ያድጋል። ሁለት ቁጥር አስበልጬ ብገዛለት ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታስበልጪ። ሰፊ ሮለር ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ልጁ የተሳሳተ አቋቋም ይለምዳል፣ ቶሎም ይሰለቻል። ለልጅ የሚረዝም የሚያጥር ሮለር አለ። ከሦስት እስከ አራት ቁጥር ይሄዳል። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሱ ይበቃዋል። የተረፈሽን ገንዘብ ሄልሜት፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ ግዢበት። ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። ሄልሜት ሳያደርግ ከበር አይውጣ። አብሽሪ፣ ከተጠነቀቅሽለት ደስ የሚል ስፖርት ነው።

አባል (ሐይቅ)፦ ለልጅ ባለ አራት ማዕዘኑ ሮለር አይሻልም? ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ሚዛን ይጠብቃል።

ሌላ አባል (ደሴ)፦ ያ የድሮ ነው። ሆኪ አራቱ ጎማ በአንድ መስመር በተደረደረው ነው።

አባል (ሐይቅ)፦ የድሮ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ስፔንና ፖርቱጋል እስከ ዛሬ በሱ ሆኪ ይጫወታሉ። በ1992 (በፈረንጆች) የባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ለማሳያ ቀርቧል።

ሌላ አባል (ደሴ)፦ ታዲያ ስፔን ሂድና ተጫወታ።

መልስ፦ ተዉ እንጂ ጀመዓው። ሁለቱም ሆኪ ነው፣ ግን ጨዋታው የተለያየ ነው። የስፔኑ በኳስና በአጭር ዱላ ነው፣ በረኛውን ጨምሮ አምስት ሆነው ይገባሉ። በመስመር ባለው ሮለርም በረኛን ጨምሮ አምስት ናቸው፣ ዱላው ግን የበረዶ ሆኪ ዓይነት ረጅም ነው። እኛ እዚህ የምንጫወተው ይሄን ሁለተኛውን ስለሆነ መልሴም በሱ ላይ ነው። የሐይቁ ወንድማችን ስለ ሚዛን ያለው ግን እውነት ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ኤቤክ 9 የሚል ኩሽኔታ (ጎማው ውስጥ ገብቶ የሚያዞረው ብረት) አዘዝኩ። ሰው ሁሉ ፈጣን ነው ይላል። ለውጥ አያለሁ?

መልስ፦ ይሄ የኔ ሥራ ስለሆነ በደንብ ልንገርህ።

የኤቤክ ቁጥሩ ኩሽኔታው ሲሠራ ልኩ ምን ያህል ጥንቅቅ እንዳለ ነው የሚናገረው። ስለ ብረቱ ጥራት፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ዕድሜው አንድም ነገር አይልም። እስቲ እናስላው። 80 ሚሊ ሜትር ጎማ አንዴ ሲዞር 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትበር በደቂቃ 1,300 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው። ይሄ ኩሽኔታ ግን በደቂቃ በአስር ሺዎች እንዲዞር የተሠራ ነው። ልዩነቱ እግርህ ላይ አይታወቅም። የታወቀ ፋብሪካ ኤቤክ 5 ከማይታወቅ ኤቤክ 9 ይበልጣል።

የሮለር ኩሽኔታ 608 ይባላል። ውጪው 22፣ ቀዳዳው 8፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ጎማ ሁለት፣ በጥንድ ሮለር 16 ነው የሚገባው። በመሃላቸው ያለችውን ትንሽ ቱቦ አትጣሉ! እሷ ከሌለች ብሎኑን ስታጠብቁ ኩሽኔታው ይጨመቃል። ባለፈው ክረምት ስድስት ሮለር መጥቶልኝ አራቱ ላይ አልነበረችም።

እኛ አገር ኩሽኔታ የሚገድለው አቧራና ውሃ ነው። ዝናብ ካገኘው በዚያው ቀን አውጥታችሁ ጥረጉት። ስታጥቡት የጎን ሽፋኑን ከፍታችሁ፣ በላምባ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉበት። ለበጋው አቧራ ዘይት፣ ለክረምት ቀለል ያለ ግራሶ እመርጣለሁ። ግራሶው ትንሽ ያከብደዋል፣ ግን ውሃ ያግዳል። የብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፍታችሁ በቃ ካላችሁ ደግሞ ያለውን ቅባት አጥባችሁ ደረቁን ነው የምትነዱት።

ጥያቄ (ያው ሰው)፦ ጎማስ?

መልስ፦ ጎማ ከኩሽኔታ በላይ ለውጥ ያመጣል። ጎማው ላይ 76 ኤ፣ 84 ኤ የሚል ቁጥር አለ። ከፍ ሲል ይጠነክራል። ለለስላሳ የቤት ውስጥ ወለል ከ74 እስከ 78 ያለው ይይዛል፣ አያንሸራትትም። ያንኑ ጎማ አስፋልት ላይ ብታወጡት ግን እንደ ላጲስ ያልቃል። ለአስፋልት ከ82 በላይ ውሰዱ። ሊሾ ወለል ላይ በጠንካራ ጎማ ስትታጠፉ ደግሞ ትወድቃላችሁ። ክብደቱ ቀለል ያለ ሰው ትንሽ ለስላሳውን፣ ከበድ ያለው ጠንካራውን ይውሰድ። ኮብልስቶን ላይ የሚያዋጣ ጎማ የለም። አትሞክሩት፣ ጥርሳችሁ ነው የሚንቀጠቀጠው።

የውስጥ ጎኑ ቶሎ ስለሚያልቅ 1ኛውን ከ3ኛው፣ 2ኛውን ከ4ኛው ጋር ቀያይሩ፣ ፊታቸውንም አዙሩ። የሆኪ ሮለር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የፊቶቹ ሁለት 76፣ የኋላዎቹ 80 ሚሊ ሜትር ናቸው። እነዚያን የቀኙን ከግራው ነው የምትቀይሩት።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ይቀየራል። ሱቅ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም ጥሩው ሮለር የትኛው ነው? በአጭሩ።

መልስ፦ በአጭሩ፣ እግርህን ለካ። ሦስተኛ ጊዜ ለዚህ አልመልስም።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ የሆኪ ዱላ አጣን። የገና ዱላ አይሆንም?

መልስ፦ ለመለማመድ ይሆናል፣ ለጨዋታ ይከብዳል። የገና ዱላ በእግር ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሩር ለመምታት ነው። ሮለር ላይ ቁመትህ ከፍ ይላል። ዱላውን ሮለር ለብሰህ ፊትህ ስታቆመው በአንገትህ ሥርና በአገጭህ መካከል መድረስ አለበት። ከዚያ ካጠረ ወገብህን ይጎዳሃል። ስትገዛ ጫፉ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነውን እንጨት ውሰድ። የካርቦኑ ዱላ ቀላል ነው፣ ግን ጫፉን አስፋልት በጥቂት ጨዋታ ይበላዋል።

አባል (ወልድያ)፦ አያቴ በገና ዱላ ሲጫወቱ የጎረቤት አገር ሰው ይጠራ ነበር።

አባል (ደሴ)፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! እኛም እንደዚያ ብንጫወት ምን አለበት?

አባል (ሐይቅ)፦ የገናው ሩር ጥርስ ይሰብራል። አባቴ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።

መልስ፦ ታሪኩ ደስ ይላል፣ ለብቻው እናወራበታለን። የእንጨት ሩር ግን በሮለር ጨዋታ አትጠቀሙ። ሰው በፍጥነት ላይ ነው፣ ፊቱም ዝቅ ይላል። የጎዳና ሆኪ የፕላስቲክ ኳስ አለ። ቀለሙ የጥንካሬው ምልክት ነው፤ ለሙቀትና ለብርድ የተለያየ ይሠራሉ። የኮምቦልቻ ቀትር ላይ ለስላሳው ይልፈሰፈሳል። የደሴ ጠዋት ላይ ጠንካራው እንደ ድንጋይ ይሆናል። ጠፍጣፋው ዲስክ ለሊሾ ወለል ነው፣ አስፋልት ላይ ይገለበጣል።

ጥያቄ (17 ዓመቴ ነው፣ ደሴ)፦ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ እንፈልጋለን። ለቁልቁለት የትኛው ጎማ ይሻላል?

መልስ፦ የትኛውም። ወንድሜ፣ ይሄን በቁም ነገር ስማኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። ያን ሁሉ ከፍታ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚያወርድህ። የጭነት መኪና በየኩርባው አለ። በሆኪ ሮለር ፍሬን የለህም፣ በተራውም ተረከዝ ላይ ያለችው ላስቲክ ሁለት ኩርባ ሳትጨርስ ታልቃለች። እኔ ከዚያ በጣም ያነሰ ዳገት ላይ አንጓዬን ሰብሬያለሁ። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ባለ ፕላስቲክ ሻንሲ (ጎማዎቹ የሚታሰሩበት) ሮለር እየወረድኩ ነው የተሰነጠቀው። ስድስት ሳምንት መፍቻ አልጨበጥኩም። ሜዳ ላይ ፍጠን። ሐረጎን ተው። ጓደኞችህንም ንገርልኝ፣ እለምንሃለሁ።

ጥያቄ (ሰኞ ገበያ አካባቢ)፦ ከልባሽ ነጋዴ ሮለር አገኘሁ። ጎማው አዲስ ይመስላል። ልውሰደው?

መልስ፦ አዲስ የሚመስል ጎማ አያሳምንህ። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማ ሳይነዳም ይበሰብሳል። በጥፍርህ ጫነው። ከተፈረፈረ ተወው። ቀጥሎ ሻንሲውን ገልብጠህ ብሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ ፈልግ። ፕላስቲክ ከሆነ በተለይ። አሉሚኒየም ከሆነ ይሻላል፣ ቀጥ ማለቱን ግን በዓይንህ አስተያይ። የጫማውን አንገት በሁለት እጅህ ወደ ጎን አጥፈው። እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ሞቷል። ኩሽኔታው ዝጎ ቢሆን አያሳስብህ፣ እሱ ይቀየራል። ጫማ ግን አይቀየርም።

ጥያቄ፦ ለበረኛ ምን ዓይነት መከላከያ ያስፈልጋል?

መልስ፦ በረኛ ሆኜ አላውቅም። የሚያውቅ ይመልስ። ፊቱን የሚሸፍን ሳይኖረው ግን ማንንም በር ላይ አታቁሙ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የሞተር ሄልሜት አለኝ። እሱን ላድርግ?

መልስ፦ ከምንም ይሻላል፣ ግን ይከብዳል፣ ጓደኛህ ሲጠራህም አትሰማም። የብስክሌቱ ቀላል ነው። ለመማር ይበቃል። የብስክሌቱ ግን ለአንድ ከባድ ምት ነው የተሠራው። ጭንቅላትህን ካዳነ በኋላ ጣለው፣ ስንጥቁ ባይታይህም። የሆኪው ደጋግሞ ምት ይችላል። ዘወትር የሚጫወት ሰው እሱን ይግዛ። ማሰሪያው ከአገጭ በታች አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ሄልሜቱን አድርጎ ማሰሪያውን ፈትቶ የሚጫወት ልጅ ካየሁ ከሜዳ አስወጣዋለሁ፣ የማንም ልጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። የትኛው ሮለር ነው ጥሩ?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብ። ካነበብህ በኋላ የእግርህን ልክ ይዘህ ቅዳሜ ጠዋት ና። ሁለት ሦስት ቁጥር አለኝ፣ ለብሰህ ትሞክራለህ። የምትመጡ ሁሉ የኤለን ቁልፋችሁን ያዙ፣ የኔን ባለፈው አንዱ ይዞት ሄዷል።