አዳራሹ ይቆይ፣ መጀመሪያ ስድስት ሰው ይኑርሽ

ጥያቄ፦ እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው፤ ዕድሜዬ 27። አራት ዓመት በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የ200 ሰዓት የዮጋ መምህርነት ሥልጠና ጨርሼ ተመለስኩ። አሁን ሥራዬን ለቅቄ በራሴ ማስተማር እፈልጋለሁ። ፒያሳ አንድ ሰፊ ክፍል አግኝቻለሁ፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈይ ይለኛል፣ ያጠራቀምኩትም ልክ እሱን ይሸፍናል። እናቴ ግን «የባዕድ አምልኮ ነው» ብላ አኩርፋኛለች። ምን ይሻለኛል?
ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ ክፍሉን አትከራዪ። ሥራሽንም ገና አትልቀቂ።

እኔም እንዳንቺ ነበር የጀመርኩት። ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቼ፣ መስታወት አስገጥሜ፣ አሥራ አምስት ምንጣፍ ገዝቼ በጥቅምት ከፈትኩ። እስከ ጥር መጨረሻ ደህና ሰው ነበረኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የማታው ክፍለ ጊዜ ባዶ ሆነ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው አሥር ሰዓት ላይ በልቶ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሞላ ሆድ እንዴት ያጎነብሳል? ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት እንደሚያስፈልግ ሥልጠናው ላይ ተምሬዋለሁ፤ ጾመኛ ቤት ያደግሁ ልጅ ሆኜ ሁለቱን ማገናኘት ግን አቃተኝ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ኪራዩን የማድስበት ገንዘብ አልነበረኝም። ፋሲካን ሳላይ ዘጋሁ።

ዛሬ የማስተምረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በጾም ቀን እንቅስቃሴውን አለዝበዋለሁ፤ ጭንቅላት ወደ ታች የሚያደርገውን ሁሉ እተወዋለሁ፣ ባዶ ሆድ ያዞራልና። እሑድና የበዓል ጠዋት የኪዳንና የቅዳሴ ነው፣ አልነካውም። ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተሽ ሰው አትጠብቂ።

አዳራሽ ከመፈለግሽ በፊት ስድስት ሰው ፈልጊ። የእኔ የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ኖራ ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ ብሏት ነበር። የቤቴን ሶፋ ወደ ግድግዳ ገፋሁና አቆምኳት። ነጠላዋን ጠቅልለን ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች፤ እጆቿን ከትከሻዋ ሰፋ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች። አገጯ ጋ ሲደርስ ፊቷ ተጨማደደ። እዚያው አቆምን፣ አምስት ጊዜ በዝግታ ተነፈሰች፣ አወረደች። ያን ቀን ሌላ ምንም አልሠራንም። በሳምንቱ አፍንጫዋ ጋ ደረሰ። በሦስተኛው ወር ሻሿን ያለ ልጇ እርዳታ ራሷ አስራ መጣች፣ በር ላይ ቆማ ዞር ብላ አሳየችኝ። እህቷን ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ እህቷ ደግሞ ሁለት ነርሶች። መስታወት የተገጠመለት ክፍል ይህን አላደረገልኝም።

ነጠላ፣ የተጠቀለለ ጋቢ፣ በርጩማ፦ በእነዚህ ማስተማር የድህነት አይምሰልሽ። ሕንዳዊው የዮጋ መምህር አየንጋር (1918–2014) በዓለም ከታወቁባቸው ነገሮች አንዱ ሰውነቱ እምቢ ላለው ሰው ገመድ፣ ብርድ ልብስና ወንበር ማቅረቡ ነው።

200 ሰዓት መነሻ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ከመጀመርሽ በፊት ብቻውን ጠይቂው፦ ደም ግፊት አለ? የዓይን ግፊት? እርግዝና? ቀዶ ሕክምና? ግፊት ያለበትን ሰው በጭንቅላቱ አታዘቅዝቂው። ሕመም ካለ «እኔ አድንሃለሁ» አትበይ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል አለው፣ ከባለሙያዎቹ አንዱን ተዋወቂና የከበደሽን ወደዚያ ላኪ። እንዲህ ያለች መምህርት ናት የምትታመነው።

ስለ እናትሽ። አትከራከሪያት፣ አትዋሺያትም። ዮጋ መነሻው ሕንድ ነው፣ በዚያ አገር ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ የኖረ ነው፤ ይህን ራስሽ ንገሪያት። ከዚያ አንቺ የምትሠሪውንና የማትሠሪውን ለይተሽ አስረጃት። እኔ ጋ ዝማሬ የለም፣ ምስል የለም፣ የምናደርገው አተነፋፈስና እንቅስቃሴ ነው። አንዳንዶች «እኮ ስግደትም ዮጋ ነው» እያሉ እናቶችን ሊያሳምኑ ሲሞክሩ እሰማለሁ፤ እባክሽ ይህን አትበዪ። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፣ ከወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ጋር ሲመሳሰል እናትሽ ብትቆጣ እውነት አላት። አንድ ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድታይ ጋብዣት። የንስሐ አባቷን ልጠይቅ ካለችም ትጠይቅ። እሳቸው አይሆንም ካሉና እሷም በዚያ ከጸናች፣ አክብረሽ መሸከም ይኖርብሻል።

ገንዘቡን በወር መጀመሪያ በቴሌብር ተቀበዪ። በመጡ ቁጥር የሚከፍሉ ሰዎች በሐምሌ ዝናብ ይጠፋሉ። ስድስቱ ሰዎች አሥራ ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው 700 ብር ቢከፍሉ 8,400 ነው፤ በዚህ ብቻ ቤት አይተዳደርም፣ ለዚህ ነው ሆቴሉን አትልቀቂ ያልኩሽ። ቱሪስት ሲመጣ ደስ ይላል፣ መሠረትሽ ግን አይሁን፤ መንገድ ሲዘጋ እሱ የለም። በስልክ አስተምራለሁ ካልሽም ኔት ሲጠፋ ያው ነው። ሰፈርሽ ግን በእግሩ ይመጣል።

አሥራ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዐቢይ ጾም አብረውሽ ካለፉ፣ ያኔ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጪ፣ ክፍሉንም በሰዓት የሚያከራይሽ ፈልጊ፤ ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚውል የስብሰባ አዳራሽ አይጠፋም። ሆቴሉ የጠዋት ተረኛ ካደረገሽ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ጀምሪ። እኔም ከዘጋሁ በኋላ የተመለስኩት በዚያች በአንዷ ቅዳሜ ነው።