ሹፋ የያዘብዎትን መረጃ በነፃ ያስወጡ፣ ስሕተቱንም ያሳርሙ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ቤት ልከራይ ስል አከራዩ የሹፋ (የሰውን የዕዳና የክፍያ ታሪክ የሚመዘግበው የጀርመን ድርጅት) ወረቀቴን አይቶ «ጥሩ አይደለም» አለኝ። ዕዳ እንዳለብኝ አላውቅም። ምን እንደተጻፈብኝ ለማየት ድረ ገጹ ውስጥ ብገባ ወደ 30 ዩሮ ክፈል ይላል። የግድ መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ አይክፈሉ። የሚከፈልበት ወረቀት «ቦኒቴትስአውስኩንፍት» የሚባለው ነው፤ ለአከራይ የሚሰጥ አጭር ማስረጃ ነው እንጂ ሙሉ ፋይልዎ አይደለም። እርስዎ የሚያስፈልግዎት «ዳተንኮፒ»፣ ማለትም ስለ እርስዎ የተያዘው መረጃ ሙሉ ቅጂ ነው። ይህን በነፃ የማግኘት መብት የሰጠዎት እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 15 ነው። ድረ ገጹ ላይ የሚከፈልበት ጎላ ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ነፃውን ሳያየው ገንዘቡን ያወጣል፤ ይህ ያሳዝናል።

በፖስታም መጠየቅ ይቻላል። ሙሉ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎን፣ የአሁኑንና የቀድሞ አድራሻዎችዎን ይጻፉ። የመታወቂያ ቅጂ ካያያዙ ፎቶውንና የካርዱን ቁጥር በጥቁር ይሸፍኑ፤ ለማመሳከር የሚያስፈልጋቸው ስም፣ የትውልድ ቀንና አድራሻ ነው። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር መጨመር ይችላሉ፣ ግን ይህንኑ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው።

ሲመጣልዎ እያንዳንዱን መስመር ይዩ፦ ማን አስመዘገበው፣ መቼ፣ ስንት ዩሮ፣ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም ይላል? ዳተንኮፒውን ግን ለአከራይ እንዳይሰጡ። የባንክ ሒሳብዎና የብድር ታሪክዎ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አከራይ ያን ያህል የማወቅ መብት የለውም።

ጥያቄ፦ ዳተንኮፒው መጣልኝ። ኖሬበት በማላውቀው ከተማ የተመዘገበ የስልክ ዕዳ አለበት። የሰውዬው ስም የእኔን ይመስላል፣ የትውልድ ቀኑም እንደኔው ጃንዋሪ 1 ነው። የእኔ ስላልሆነ ዝም ልበለው?

መልስ፦ ዝም አይበሉ። በእኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መደበላለቅ በቀላሉ ይፈጠራል። የተወለደበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ሳይኖረው የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። የአባት ስም ደግሞ እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ኃይለ ሚካኤል አንዱ ቢሮ በአንድ ቃል፣ ሌላው በሁለት ቃል ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው «ኃይለ»ን ስም፣ «ሚካኤል»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ኮምፒዩተሩ ስምና ቀን ሲመሳሰሉለት ሁለት ሰው አንድ ፋይል ውስጥ ሊከት ይችላል።

ደብዳቤ የሚጽፉት ለሁለት ነው፦ ለሹፋና ዕዳውን ላስመዘገበው ድርጅት። ሹፋ ብቻ ቢሰርዘው ድርጅቱ መልሶ ሊልከው ይችላል። ግቤቱን በቀኑና በድርጅቱ ስም ለይተው ከጠቀሱ በኋላ «ይህ የእኔ አይደለም፤ በአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 16 እንዲታረም፣ እስኪጣራም በአንቀጽ 18 እንዲታገድ እጠይቃለሁ» ይበሉ። ሰው የሚዘነጋው ይህችን የአንቀጽ 18 ጥያቄ ነው፤ ካልጠየቁ ማጣራቱ እስኪያልቅ አከራዩም ባንኩም ያንኑ ስሕተት ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ቀድሞ መረጃው የደረሳቸው እርማቱ እንዲነገራቸውም በአንቀጽ 19 ይጠይቁ።

ከቡርገርአምት (የነዋሪዎች ጉዳይ ቢሮ) የቀድሞ አድራሻዎችዎን ጭምር የያዘ ሜልደበሻይኒጉንግ (የነዋሪነት ምዝገባ ማስረጃ) አውጥተው ያያይዙ። በዚያ ከተማ እንዳልኖሩ ከሱ የበለጠ የሚያስረዳልዎ ወረቀት የለም። ደብዳቤውን በአይንሽራይበን (በአደራ ፖስታ) ልከው ደረሰኙን ይያዙ። ወር አልፎ መልስ ካጡ አቤቱታዎን ቪስባደን ለሚገኘው የሄሰን ክፍለ ግዛት ዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን ያቅርቡ፤ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት ውሌን በጊዜው አፍርሻለሁ፤ ድርጅቱ ግን ማኑንግ (የክፍያ ማስጠንቀቂያ) ይልክብኛል። ሹፋ ላይ ሊያስመዘግቡኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ዝም ካሉ፣ አዎ። የጀርመን የዳታ ጥበቃ ሕግ ክፍል 31 እንደሚለው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የሌለበት ወይም እርስዎ ያላመኑበት ዕዳ ነጥብዎ (ዕዳ የመክፈል አቅምዎ የሚለካበት ቁጥር) ውስጥ የሚገባው ቢያንስ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተላከ፣ ከመጀመሪያው አራት ሳምንት ካለፈ፣ ሊመዘገብ እንደሚችል አስቀድሞ ከተነገረዎትና እርስዎም ካልተቃወሙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማኑንግ እንደደረሰዎ ውሉን ያፈረሱበትን ማስረጃ አያይዘው ዕዳውን እንደማይቀበሉ በጽሑፍ ይመልሱ። ስልክ ደውሎ መከራከር አይበቃም፤ ነገ መቃወምዎን የሚያሳዩበት ነገር አይኖርዎትም።

ከፍርድ ቤት በቢጫ ፖስታ የክፍያ ትእዛዝ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ከማኑንግ ይለያል። መቃወሚያ ለማስገባት ያለዎት ሁለት ሳምንት ነው፤ ቅጹም አብሮ ይላካል። ፍርድ ቤቱ ዕዳው እውነት መሆኑን ሳይመረምር የላከው ስለሆነ አይደንግጡ፣ ግን ፖስታው ላይ የተጻፈችውን ቀን ይያዙና ቶሎ ይመልሱ። ዝም ካሉት ዕዳው ባይኖርብዎትም እንደ ፍርድ ይጸናብዎታል።

ዕዳው በርግጥ የእርስዎ ሆኖ ከተገኘ በፍጥነት መክፈሉ ያዋጣል። የተከፈለ ዕዳ በመደበኛው አሠራር ከተከፈለ በኋላ ሦስት ዓመት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ግን ከተመዘገበ በ100 ቀን ውስጥ ከፍለው ሌላ መጥፎ ግቤት ካልመጣብዎ ከከፈሉ ከ18 ወር በኋላ ይሰረዛል። ድርጅቱ መክፈልዎን ለሹፋ ሳያሳውቅ ሊዘገይ ስለሚችል የባንክ ማስረጃውን አስቀምጠው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳተንኮፒ እንደገና ይጠይቁ።