ሎሪ የገዳዩ እኅት ናት ወይስ አይደለችም? ስለ ‹ሀሎዊን› ፊልሞች አተያይ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ከሜሪላንድ መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቷል። እሱም ሆነ የእኔዋ ልጅ አስፈሪ ፊልም ይወዳሉ፤ ሁለቱም 18 ዓመት አልፏቸዋል። ሰሞኑን ግን በአንድ ነገር ክፉኛ ተከራከሩ። ልጄ ‹ሀሎዊን› በተባለው ፊልም ውስጥ ያለው ጭምብለኛ ገዳይ የዋናዋ ባለታሪክ ወንድም ነው ስትል፣ እሱ ደግሞ ምንም ዝምድና የላቸውም፣ ይህም በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ተነግሯል ብሎ ድርቅ አለ። ለመዳኘት ብዬ ፊልሞቹን ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እንድናያቸው ሐሳብ አቀረብኩ። ይሁንና ብዛታቸው 13 መሆኑን፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አንድ ዓይነት ስም እንዳላቸው ስረዳ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ማናቸው ናቸው ትክክል? በምን ቅደም ተከተልስ እንያቸው?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ልጆች ትክክል ናቸው። ይህን የምለው ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። ልጅዎ ያየችው በ1981 የወጣውን ክፍል ሁለት ወይም እሱን ተከትለው ከመጡት አንዱን ይመስለኛል፤ በእነዚያ ፊልሞች ማይክል ማየርስ የሎሪ ስትሮድ ወንድም ነው። የእኅትዎ ልጅ ያየው ደግሞ የ2018ቱን መሆን አለበት። በዚያ ፊልም ስለ ወንድምነቱ ነገር ሲነሣ የሎሪ የልጅ ልጅ ይህ ሰዎች የፈጠሩት ነገር ነው ብላ ትመልሳለች። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ የተከራከሩበት ይኸው ጥያቄ ፊልሞቹን በየትኛው ተራ ማየት እንደሚገባ የሚወስነው ዋና ነጥብ ስለሆነ መልሴን በእሱ ላይ እመሠርታለሁ።

‹ሀሎዊን› ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በብዙ አቅጣጫ እንደሚከፈል ወንዝ ነው። ከ1978 እስከ 2022 የወጡት 13 ፊልሞች በተለያዩ ሰዎች የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ አዲስ የመጣው አዘጋጅ ከቀደሙት ውስጥ የወደደውን ይዞ ያልወደደውን እንዳልነበረ የቆጠረበት ጊዜ ብዙ ነው። በወጡበት ዓመት ተራ የሚያያቸው ሰው ሎሪ በመኪና አደጋ መሞቷን በ1988ቱ ክፍል ይሰማል፤ በ1998ቱ በሕይወት ያገኛታል፤ በ2002ቱ ስትሞት ያያል፤ በ2018ቱ ደግሞ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ሆና ትመጣለታለች። ተከታታይ ፊልም በወጣበት ተራ መታየት አለበት የሚሉ ብዙ ወዳጆች አሉኝ፤ ለሌሎች ፊልሞች እኔም ሐሳባቸውን እጋራለሁ። ለዚህ ግን አልመክረውም። ሞታ ስትነሣ፣ ተነሥታ ስትሞት ላያት ገጸ ባሕርይ ማንም ከልቡ ሊፈራላት አይችልም፤ ተመልካች ለባለታሪኳ መፍራቱን ካቆመ ደግሞ የአስፈሪ ፊልም ነገር እዚያው ያበቃል።

ወደ ተራው ከመግባቴ በፊት ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልንገርዎ። ‹ሀሎዊን› ብቻ የሚባሉ ሦስት ፊልሞች አሉ፤ የ1978፣ የ2007 እና የ2018። ክፍል ሁለት የሚባሉም ሁለት ናቸው፤ የ1981 እና የ2009። ስለዚህ ፊልም ሲፈልጉ ስሙን ሳይሆን ዓመቱን ይመልከቱ።

የሁሉም ምንጭ የ1978ቱ ነው። ጆን ካርፔንተር ከዴብራ ሂል ጋር ጽፎ በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ታሪኩ የሚፈጸመው ሃዶንፊልድ በተባለች፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ እንዳለች በምትታሰብ የፈጠራ ከተማ ነው። የተቀረጸው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቅጠል በማይረግፍበት ወቅት ስለነበር ሠራተኞቹ ቅጠል ቀለም እየቀቡ በየመንገዱ ይበትኑ፣ ቀረጻው ሲያበቃም ለሚቀጥለው ትዕይንት መልሰው ይለቅሙት ነበር። በ1963፣ በአሜሪካ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በሚያከብሩት የሀሎዊን በዓል ምሽት፣ ማይክል የተባለ የ6 ዓመት ልጅ ታላቅ እኅቱን በቢላ ይገድላል። ከ15 ዓመት በኋላ ከተዘጋበት የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ አምልጦ ወደ ከተማው ይመለስና ሎሪ የተባለችውን ተማሪ መከተል ይጀምራል። ለምን እሷን እንደመረጠ አይነገረንም። ለዓመታት የተከታተለው ሐኪም ዶክተር ሉሚስ እንኳ ክፉ ነው ከማለት በቀር ማብራሪያ የለውም፤ በፊልሙ መጨረሻ በሚወጣው የተዋንያን ዝርዝር ላይም ጭምብለኛው የተመዘገበው ‹ዘ ሼፕ› ማለትም ‹ቅርጹ› ተብሎ ነው። በእኔ እምነት የፊልሙ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው። ደም የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈራው ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ከአጥር ጥግ ቆሞ ማየቱ፣ ዞር ብላችሁ ስትመለከቱም አለመኖሩ ነው። ካርፔንተር ራሱ የደረሰው የፒያኖ ዜማም በአንድ ስፍር ውስጥ አምስት ምት ስላለው ጆሮ ያርፍበታል ብሎ የሚጠብቀው ቦታ ላይ አያርፍም።

ወንዙ የሚከፈለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ካርፔንተርና ሂል ጽፈውት ሪክ ሮዘንታል ያዘጋጀው የ1981ዱ ክፍል ሁለት የመጀመሪያው ካቆመበት ደቂቃ ይቀጥልና በዚያው ሌሊት ሎሪ በተወሰደችበት ሆስፒታል ውስጥ ይፈጸማል። ሎሪ በሌሎች ሰዎች ያደገች የማይክል ታናሽ እኅት መሆኗ የሚገለጠው እዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ይህ ሐሳብ አልነበረም። ካርፔንተር ራሱም ሐሳቡን ብዙም እንዳልወደደው በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም በቴሌቪዥን እንዲታይ ሲዘጋጅ፣ ክፍል ሁለት በሚሠራበት ጊዜ የተቀረጹ ተጨማሪ ትዕይንቶች የገቡበት መሆኑ ነው። በአንደኛው ትዕይንት ላይ ልጁ ታስሮበት በነበረው ክፍል በር ላይ ‹እኅት› የሚል ቃል ተቧጥጦ ይታያል። ስለዚህ ያገኙት የ1978 ቅጂ ከ91 ደቂቃ በጉልህ የሚረዝም ከሆነ የቴሌቪዥኑ ሊሆን ስለሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ እንዳይጀምሩ እለምንዎታለሁ፤ ክርክራችሁ ገና ሳይጀመር ለአንደኛው ወገን ይፈርዳል።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህን ነው። በመጀመሪያ የ1978ቱን ለብቻው ይዩት፤ በዚያው ምሽት ሌላ አይጨምሩበት። ልጆቹም ገዳዩ ለምን ሎሪን እንደተከተላት የመሰላቸውን ይናገሩ። በሌላ ቀን የልጅዎን መንገድ ይያዙና የ1981ዱንና ስቲቭ ማይነር ያዘጋጀውን የ1998ቱን ‹ኤች ቱዌንቲ› አከታትለው ይመልከቱ። ይህ ፊልም በመካከል የወጡትን ሁሉ ትቶ ከ20 ዓመት በኋላ ሎሪን ስሟን ለውጣ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆና ያሳየናል። ፍርሃቷን በመጠጥ የምታስታግስ፣ አንድ ልጇን ከዓይኗ እንዳይርቅ የምትጠብቅ እናት ሆናለች፤ ጄሚ ሊ ከርቲስ ይህን የምትጫወተው በእውነተኛ ርኅራኄ ነው። እውነተኛ እናቷ ጃኔት ሊም በአንዲት አነስተኛ ሚና አብራት ትታያለች። ሦስቱ ፊልሞች ተደምረው አራት ሰዓት ተኩል አይሞሉም፤ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ያለው ሙሉ ታሪክም ይሆናሉ። የ2002ቱ ‹ሪዘሬክሽን› የተሠራው ያንን መድረሻ አፍርሶ ለመቀጠል ስለሆነ ቢያልፉት አይቆጭዎትም።

ከዚያ የእኅትዎን ልጅ መንገድ ይጀምሩ። የዴቪድ ጎርደን ግሪን ሦስት ፊልሞች፣ ማለትም የ2018ቱ፣ የ2021ዱ ‹ኪልስ› እና የ2022ቱ ‹ኤንድስ›፣ ከ1978ቱ በቀር ምንም እንዳልተከሰተ ይቆጥራሉ፤ ማይክል በዚያች ሌሊት ተይዞ 40 ዓመት ታስሯል፣ ሎሪም እህቱ አይደለችም። ከእነዚህ በፊት የ1978ቱን እንደገና ቢያዩት በጣም ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም ‹ኪልስ› በመጀመሪያው ፊልም ሎሪ የጠበቀቻቸውን ሕፃናት አድገው መልሶ ያመጣቸዋል። ከእነሱም መካከል ሊንድሲን በልጅነቷ የተጫወተችው ካይል ሪቻርድስ በ2021ም ራሷ ተጫውታዋለች፤ የልጅቷን ፊት የሚያስታውስ ተመልካች ሴትዮዋን ሲያይ የሚሰማው ስሜት ለሌላው አይደርሰውም። የ2018ቱ እና ‹ኪልስ› የአንድ ሌሊት ታሪክ ስለሆኑ አያራርቋቸው። ‹ኤንድስ› ግን በአብዛኛው ከአራት ዓመት በኋላ የሚፈጸምና አብዛኛውን ጊዜውን ኮሪ ለሚባል አዲስ ወጣት የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ተመልካች ተቆጥቶበታል። እኔ ቁጣውን ብረዳውም ፊልሙን እከላከላለሁ፤ አንዲት ከተማ የምትጠላውን ሰው እንዴት ራሷ እንደምትፈጥር ለማሳየት የደፈረ ብቸኛው ክፍል ነውና።

የእኅትነቱን መንገድ ያስቀደምኩበት ምክንያት አለኝ። ምክንያት የተሰጠው ገዳይ መጠኑ ይታወቃል፤ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፣ ሌላው መንገድ ላይ ስለተገኘ ብቻ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ የተነጠቀበትን የ2018ቱን ሲያዩ ማንኛውም ቤት፣ ማንኛውም በር ሊሆን እንደሚችል ይሰማዎታል፤ ይህንንም በደንብ የሚያውቀው የተገላቢጦሹን አስቀድሞ ያየ ሰው ነው። የእኔን ፍርድ ከጠየቁኝ ከእኅትዎ ልጅ ጋር ነኝ። ልጅዎ ግን ‹ኤች ቱዌንቲን› ጠቅሳ ብትሞግተኝ በቀላሉ የምረታት አይመስለኝም።

የ1988፣ የ1989 እና የ1995 ክፍሎች ለብቻቸው ሦስተኛ መንገድ ናቸው፤ ሎሪ የለችም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የምትሳደደው ትንሽ ልጇ ጄሚ ናት። ከሦስቱ የ1988ቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ዳኒኤል ሃሪስ የተባለችው ሕፃን ተዋናይ ያሳየችው ፍርሃት ከብዙ ትልልቅ ተዋንያን የበለጠ እውነት አለው። በ1995ቱ ለማይክል ጥንታዊ የእርግማን ምክንያት ስለተሰጠው ታሪኩ ተጨናንቋል፤ የሚያሳዝነውም ዶክተር ሉሚስን ሲጫወት የኖረው ዶናልድ ፕሌዘንስ ፊልሙ ሳይወጣ በዚያው ዓመት ማረፉ ነው። ሮብ ዞምቢ በ2007 እና በ2009 እንደ አዲስ የሠራቸውን ሁለቱን በመጨረሻ ያስቀምጧቸው። የገዳዩን የልጅነት ሕይወት በስፋት ስለሚተርኩና ጭካኔያቸው ከሁሉም የከፋ ስለሆነ በእነሱ የጀመረ ሰው የ1978ቱ ዝምታ አይገባውም። በተረፈ 13ቱም በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ እንዳያዩአቸው የተመደቡ ናቸው፤ በቤትዎ ታናናሽ ልጆች ካሉ ከተኙ በኋላ ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ‹ሀሎዊን› ክፍል ሦስትን ተከራይቼ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ማይክል ማየርስ ግን የለም። ስለ ጭምብል ፋብሪካ የሚያወራ ሌላ ታሪክ ነው። የተሳሳተ ፊልም ነው የሰጡኝ? ከተከታታዩ ውስጥስ የት ላስገባው?
ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የያዙት ፊልም ትክክለኛው ነው። ካርፔንተርና ሂል ከክፍል ሁለት በኋላ የማይክል ታሪክ አብቅቷል ብለው ስላመኑ፣ ከዚያ ወዲያ በየጊዜው በሀሎዊን ምሽት ላይ የሚያጠነጥን አዲስና ራሱን የቻለ ታሪክ ለማቅረብ አስበው ነበር። ቶሚ ሊ ዋላስ ያዘጋጀው የ1982ቱ ክፍል ሦስት የዚያ ሐሳብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፍሬ ነው። ተመልካቹ ጭምብለኛውን ጠብቆ ስላጣው ሐሳቡ ተተወ፤ በ1988 የወጣው ቀጣይ ክፍልም ‹የማይክል ማየርስ መመለስ› የሚል ስም የተሰጠው ለዚሁ ነው።

በየትኛውም መንገድ ውስጥ አያስገቡት። ፊልሙ ራሱ ማስረጃውን ይሰጥዎታል፤ በአንድ ትዕይንት ላይ በቴሌቪዥን የ1978ቱ ‹ሀሎዊን› ሲተዋወቅ ይታያል፤ ማለትም በዚህ ታሪክ ውስጥ ማይክል ማየርስ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የሚያዩት ፊልም ነው። ይህን ሳያውቁ አይተውት ቅር ካሰኘዎት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማንንም ሳይጠብቁ እንደገና ይመልከቱት። ሕፃናቱ ጭምብላቸውን አድርገው ቴሌቪዥኑ ፊት ሲሰበሰቡ፣ የጭምብሉ ማስታወቂያ ለበዓሉ የቀሩትን ቀናት እየቆጠረ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ በእያንዳንዱም ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚሰማው ልብ ይበሉ።